ማርሽ የሚቀይረው ማን ነው? ስለ አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ የብልሽት መፈለጊያ አማርኛ

ከእንግሊዝኛ የመኪና መጠገኛ መጻሕፍት ወደ አማርኛ የሚመለሱ የብልሽት መፈለጊያ ሠንጠረዦች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዐምድ አላቸው። የመጀመሪያው «ችግር»፣ ሁለተኛው «ምክንያት»፣ ሦስተኛው «መፍትሔ» ይባላል። ስለ አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚናገረው ገጽ ሲገለጥ ደግሞ የሚከተለውን የመሰለ መሥመር ማግኘት የተለመደ ነው፦ «ሻካራ የማርሽ ቅየራ፤ የሞዱሌተር ችግር፤ ማስተካከል ወይም መቀየር»። ይህ መሥመር የሰዋስው ግድፈት የለበትም። እያንዳንዱ ቃል በመዝገበ ቃላት ቢፈለግ ለእንግሊዝኛው አቻ ሆኖ ይገኛል። ይሁን እንጂ መኪናውን አቁሞ ክዳኑን የከፈተ ሰው ከዚህ መሥመር ተነሥቶ እጁን ወዴት እንደሚሰድ ሊያውቅ አይችልም። ከዚህም የከፋው፣ ዐውቄአለሁ ብሎ የማይነካውን ክፍል ሊፈታ ይችላል። ስለ ሥያሜ የምናደርገው ክርክር ዘወትር በስሞች ላይ ይሽከረከራል፤ «ካምቢዮ» እንበል ወይስ ከግዕዝ ሌላ ቃል እናውጣ በሚለው ላይ ጊዜያችን ያልቃል። ጉዳቱ ግን በግሡ በኩል ሲገባ እናያለን። በዚህ ጽሑፍ መሥመሩን እየተከተልን ይህንኑ ለማሳየት እንሞክራለን።

ስለ ካምቢዮ በጠቅላላው መናገር ቃልን ከነገር ለይቶ መመዘን ስለሚሆን አንድ የታወቀ ካምቢዮ እንያዝ። ጄኔራል ሞተርስ ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ በብዙ መኪናዎቹ ላይ የገጠመው ተርቦ ሃይድራማቲክ 350 ወደ ፊት የሚሄዱ ሦስት ማርሾች ያሉት፣ ኮምፒዩተር የማያዝዘው፣ የሚወስነውን ሁሉ በዘይት ግፊት የሚወስን ካምቢዮ ነው። አንደኛውን ማርሽ ትቶ ሁለተኛውን የሚይዝበትን ጊዜ ለመቍረጥ ሁለት ወሬ ይደርሰዋል። መኪናው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ የሚነግረው ገቨርነር ነው። ሞተሩ ምን ያህል ሸክም እንዳለበት የሚነግረው ደግሞ ቫኪዩም ሞዱሌተር ነው። ሞዱሌተሩ ጣሳ የሚመስል ትንሽ የቆርቆሮ ዕቃ ሲሆን በውስጡ ድያፍራም አለው፤ ከሞተሩ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድም ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። ነጂው ነዳጅ መስጫውን በቀስታ ሲረግጥ ማኒፎልዱ በቱቦው አጥብቆ ይስባል፤ ድያፍራሙ ይጎተታል፤ የዘይቱ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ማርሹም በልዝብ ይይዛል። ነጂው አጥብቆ ሲረግጥ መሳቡ ይደክማል፤ ሞላው ድያፍራሙን መልሶ ይገፋል፤ ግፊቱ ያድጋል፤ ማርሹም ዘግይቶ፣ ነገር ግን አጥብቆ ይይዛል። እንግዲህ ቱቦው ቢሰነጠቅ ወይም ቢወልቅ ካምቢዮው ነጂው ሁልጊዜ አጥብቆ የሚረግጥ ይመስለዋል። መንገዱ ሜዳ፣ እግሩም ቀላል ቢሆን እንኳ ማርሽ በተሻገረ ቍጥር ተሳፋሪውን ይገፈትረዋል።

አሁን ወደ መሥመሩ እንመለስ። «ሻካራ» የሚለው ቅጽል በአማርኛ ለሚዳሰስና በጆሮ ለሚሰማ ነገር የሚነገር ነው፤ ሻካራ እጅ፣ ሻካራ ጨርቅ፣ ሻካራ ድምፅ እንላለን። የእንግሊዝኛው ቃል የገጽንም የእንቅስቃሴንም ጠባይ በአንድነት ስለሚይዝ ተርጓሚው ከሁለቱ የማያስፈልገውን መርጦ ወሰደ። አማርኛ ለእንቅስቃሴ ቃል አጥቶ አይደለም። የበቅሎና የፈረስ አረማመድ ሲለይ የኖረ፣ ሰጋሯን ከደንባሪዋ፣ ሶምሶማውን ከግልቢያው የሚለይበት ቃል ያለው ቋንቋ ነው። የመኪና ባለቤትም ጋራዥ ሲደርስ «ሻካራ» አይልም። «ይመታል»፣ «ይገፈትራል»፣ «ያንገጫግጫል»፣ «ይንቀጠቀጣል»፣ «ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይሄድም» ይላል። እነዚህ አነጋገሮች በእንግሊዝኛው በአንድ ርእስ ሥር ቢጠቃለሉም መካኒኩን የሚመሩት ወደ ልዩ ልዩ ቦታ ነው። ተርጓሚው በአንድ ቅጽል ሲጠቀልላቸው ጥርት ብሎ የነበረውን አነጋገር አደበዘዘው። ይህን ስንል «ሰጋር ካምቢዮ» ይባል ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ያለው ጌጥ ለማስታወቂያ ይስማማ ይሆናል እንጂ ለሠንጠረዥ አይሆንም።

ትልቁ ጥፋት ግን «ቅየራ» ላይ ነው። በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይረው ነጂው ብቻ ስለ ሆነ ማን ቀየረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ቀያሪዎቹ ሁለት ናቸው። ነጂው እጀታውን ከፒ ወደ አር፣ ከኤን ወደ ዲ ያዛውራል፤ ከዚያ በኋላ ካምቢዮው ራሱ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ይሄዳል። በሁለቱም ጊዜ ሊመታ ይችላል፤ ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም። ነጂው ዲ ሲያስገባ የሚመታ ከሆነ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የሚኒሞው ከልክ በላይ ከፍ ማለት፣ ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች መበላት፣ ወደ ኋላ እግር የሚሄደው ዘንግ ክሮቸራ መላላት ነው። ከእነዚህ አንዱም በካምቢዮው ውስጥ አይገኝም። ካምቢዮው በራሱ ጊዜ ሲሄድ የሚመታ ከሆነ ግን ሞዱሌተሩ፣ የሞዱሌተሩ ቱቦ፣ እንዲሁም የማርሹን አያያዝ በዘይትና በሞላ የሚያለዝበው አኩሙሌተር ይጠረጠራሉ። «የማርሽ ቅየራ» የሚለው የግሥ ስም ባለቤቱን ስለ ጣለ ሁለቱን ጉዳዮች አንድ አደረጋቸው።

ይህ ጕድለት ከአማርኛ የመጣ አይደለም። አማርኛ በባሕርዩ ባለቤቱን ከግሡ ጋር ያስረዋል። አንድ ሰው «ማርሽ ስቀይር ይመታል» ካለ ቀያሪው ራሱ ነው፤ «ማርሽ ሲቀይር ይመታል» ካለ ቀያሪው ካምቢዮው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ፊደል ልዩነት ነው፤ ያቺ ፊደል ግን የመካኒኩን የግማሽ ቀን ሥራ ትወስናለች። እንግሊዝኛው በግሥ ስም ሸፍኖ የሚያልፈውን ዕውቀት አማርኛ ሳይጠየቅ ይሰጣል፤ ተርጓሚው ግን የምንጩን ቅርጽ እጠብቃለሁ ሲል የተሰጠውን መለሰ።

እርግጥ ነው፣ የአማርኛውም እርባታ የራሱ ወጥመድ አለው። ብዙ ሰው መኪናውን በአንስታይ ጾታ ይጠራል። መካኒኩ «ማርሽ ስትቀይር ይመታል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ስትቀይር» ሁለተኛ መደብ ተባዕታይም ሦስተኛ መደብ አንስታይም ስለ ሆነ፣ «አንተ» ለማለት ይሁን «እሷ» ለማለት ከቃሉ አይታወቅም። ጠያቂው በአንዱ፣ ተጠያቂው በሌላው ፍች ተረድቶት፣ ሁለቱም የተግባቡ መስሏቸው ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ በጽሑፍ ላይ አንባቢው በአክብሮት መደብ «ሲያስገቡ» እየተባለ ቢጠራ፣ ካምቢዮውም በተባዕታይ ቢነገር ይሻላል እንላለን። ከዚህ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ለሁለቱ ድርጊቶች ሁለት ግሥ መስጠት ነው። ለነጂው ሥራ «ማስገባት» አለልን፤ «ዲ አስገባ»፣ «የኋላ ማርሽ አስገባ» የሚለው አነጋገር የሁሉ ነው። ለካምቢዮው ሥራ «መሻገር» ይበቃል፤ «ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲሻገር» ቢባል ነጂው እንዳልሆነ ማንም ይረዳል። «መቀየር» ደግሞ ያረጀውን ዕቃ አውጥቶ አዲስ ለማግባት ይቅር። በጠቀስነው መሥመር «ቅየራ» በመጀመሪያው ዐምድ፣ «መቀየር» በሦስተኛው ዐምድ መግባቱን አንባቢ ሳያስተውል አልቀረም፤ አንድ ሥር፣ ሁለት የማይገናኙ ሥራዎች።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ጣልያንኛዎቹ ቃላት ጥቂት እንበል። «ካምቢዮ»፣ «ማርሽ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ፎሌ»፣ «ሚኒሞ» ከጋራዡ ሊነቀሉ አይችሉም፤ መነቀልም የለባቸውም። «ካምቢዮ» በምንጩ ቋንቋ ለውጥ ማለት መሆኑ፣ «ፎሌ»ም እብድ ማለት መሆኑ ለቋንቋ ተመራማሪ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው፤ ለሚጠቀምበት ሰው ግን ምንም አይጨምርለትም፣ ምንም አይቀንስበትም። ችግሩ ቃሎቹ ባዕድ መሆናቸው ሳይሆን የተወለዱት ሦስት መርገጫ ባለው መኪና ዘመን መሆኑ ነው። አሁን አዲስ አበባ ላይ በብዛት የሚታዩት ያገለገሉ የጃፓን ትናንሽ መኪናዎች፣ ቪትዝን የመሳሰሉት፣ ብዙዎቹ አውቶማቲክ ናቸው። የድሮው ቃል ወደ አዲሱ ዕቃ ሲሸጋገር ምን ይዞ እንደ መጣ የመረመረ ግን ጥቂት ነው።

ለዚህ ዋናው ምስክር «ፍሪሲዮን» ነው። ጄኔራል ሞተርስ ለ1940 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ኦልድስሞቢል ካቀረበው ከሃይድራማቲክ ጀምሮ አውቶማቲክ መኪና ለገዢ የተወደደለት የፍሪሲዮን መርገጫ የሌለው በመሆኑ ነው። በዚህም ምክንያት ተራው ሰው «አውቶማቲክ ፍሪሲዮን የለውም» ይላል፤ በመርገጫው ዐይን ሲታይ እውነቱን ነው። በካምቢዮው ሆድ ውስጥ ግን በዘይት ተነክረው እየተጣበቁና እየተላቀቁ ማርሽ የሚያሲዙ፣ እንደ እንጀራ የተደራረቡ ቀጫጭን ዝርጎች አሉ፤ እንግሊዝኛው እነዚህንም በዚያው በመርገጫው ስም ይጠራቸዋል። ተርጓሚው «የፍሪሲዮን መበላት» ብሎ ሲጽፍ የመኪናው ባለቤት ሌላ መኪና ላይ የተጻፈ መስሎት ገጹን ይገለብጣል። «የውስጥ ፍሪሲዮን ዝርጎች» ማለት ይህን ያስቀራል። አንዲት ገላጭ ቃል መጨመር ከሞላ ጎደል ሁሉን ነገር የሚፈታበት ጊዜ አለ፤ አዲስ ሥያሜ ለመፍጠር የሚቸኵሉ ወዳጆቻችን ይህን ቀላል መንገድ ይንቁታል።

«የካምቢዮ ዘይት» የሚለው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ እዚህ ላይ ቃሉ ንብረት ያጠፋል። በጋራዥ ቋንቋ ይህ ስም ለብዙ ጊዜ የቆመው በእጅ ለሚቀየር ካምቢዮ ለሚጨመረው ወፍራም ዘይት ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚፈልገው ቀጭን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ቀለም የተነከረ፣ ግፊት የሚያስተላልፍ፣ ዝርጎቹም ሲጣበቁ የሚኖራቸውን አያያዝ የሚወስን ሌላ ፈሳሽ ነው። «የካምቢዮ ዘይት ጎድሎ እንደ ሆነ ይጨምሩ» የሚል ትርጉም አንብቦ ወፍራሙን ዘይት የጨመረ ሰው፣ በጠባቡ የዘይት መንገድና በቀጭኑ ዝርግ መካከል ምን እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም። ከቀጭኖቹም መካከል ልዩነት አለ። ጄኔራል ሞተርስ ዴክስሮን የተባለውን ሲያዝ፣ ፎርድ እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለብዙ ካምቢዮዎቹ ያዘዘው ታይፕ ኤፍ የተባለው ዘይት ዝርጎቹን አጥብቆና ፈጥኖ የሚያሲዝ ነበር። ስለዚህ ታይፕ ኤፍ ዴክስሮን ለታዘዘለት ካምቢዮ ቢጨመር ማርሹ እንዲመታ ሊያደርገው ይችላል፤ በተገላቢጦሹ ደግሞ አያያዙ ይለሰልሳል፣ ይረዝማል፣ ዝርጎቹም ይሞቃሉ። በሠንጠረዡ ላይ «የዘይት ዓይነት» የሚል መሥመር ሳይኖር «ዘይት ይፈተሽ» ብቻ የተባለ እንደ ሆነ አንባቢው መጠኑን ይመለከታል እንጂ ዓይነቱን አይመለከትም። በእኛ በኩል «የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት» የሚለው ረዥም ስም በየቦታው ሳይታጠር እንዲጻፍ እንፈልጋለን። ተርጓሚዎች ድግግሞሽ ይጠላሉ፤ እዚህ ግን ድግግሞሹ ከጥፋት ያድናል።

ወደ ግሦቹ እንመለስና «ይዘገያል» የሚለውን እንይ። ነጂው ጧት መኪናውን አስነሥቶ ዲ ካስገባ በኋላ ሳይይዝለት ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢቆይ «ይዘገያል» ይባላል። መኪናው እየሄደ፣ በሁለተኛ ሊሄድ በሚገባው ፍጥነት በአንደኛ እየጮኸ ቢሄድም «ይዘገያል» ይባላል። የፊተኛው የሚለካው በሰዓት ነው፤ የዘይት መጕደልን ወይም በውስጥ ያሉ ማሸጊያ ጎማዎች መድረቅን ያስጠረጥራል። የኋለኛው የሚለካው በፍጥነት መለኪያ ነው፤ የሚያስጠረጥረውም ሞዱሌተሩን ወይም ገቨርነሩን ነው። «ዘግይቶ ይይዛል» እና «ዘግይቶ ይሻገራል» ብሎ መለየት ምንም ወጪ የለውም።

«መንሸራተት»ንም እንዲሁ ባለቤቱ ሳይጠቀስ መጻፍ አይገባም፤ ጎማ በጭቃ ላይ ይንሸራተታል፣ ካምቢዮም በውስጡ ይንሸራተታል። ካምቢዮው አንዱን ማርሽ ለቆ ሌላውን እስኪይዝ ድረስ ሞተሩ ለቅጽበት ብድግ ብሎ የሚጮኽበትን ሁኔታ ግን ለብቻው «ማምለጥ» ብንለው ተስማሚ ይመስለናል፤ «ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሻገር ማርሹ ያመልጣል»። እዚህ ላይ አማርኛ ሌላ ሀብት አለው። የድርጊቶችን ቅደም ተከተል በቦዝ አንቀጽ አያይዞ መናገር ይችላል። «ዘግይቶ ይመታል» ማለት ግፊቱ ከልክ በላይ ነው፣ ወደ ሞዱሌተሩ ሂድ ማለት ነው። «አምልጦ ይመታል» ማለት ግን ዝርጎቹ አስቀድመው ሸሽተው በመጨረሻ በድንገት ያዙ ማለት ነው፤ ምቱ የማምለጡ ልጅ ስለ ሆነ ነገሩ ከብዙ ግፊት ሳይሆን ከግፊት ማነስ ይመጣል፤ ሕክምናውም ተቃራኒ ነው። በእንግሊዝኛው ሠንጠረዥ ሁለት መሥመር የሚፈጀውን ይህን ልዩነት አማርኛ በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። «ሻካራ ቅየራ» ሁለቱንም ይውጣቸዋል።

መካኒኩ ራሱ ነድቶ ያየው የለምን? የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሁልጊዜ አያየውም። ብዙው ብልሽት የሚታየው ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ጧት ነው፤ ጋራዥ ሲደርስ ሞቆ ይጠፋል። ከዚህም ሌላ፣ በዋሽንግተንና በአካባቢው አማርኛ ተናጋሪ ነጂዎች፣ ታክሲ የሚነዱትም ጭምር፣ የሰሙትን በአማርኛ አስበው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ መካኒክ ማስረዳት አለባቸው፤ አንዳንዴም በልጅ ወይም በጓደኛ አስተርጓሚነት። «ይመታል» ያለው ሰው ቃል «ይንሸራተታል» ሆኖ ቢደርስ፣ በቱቦ መለወጥ የሚያልቀው ጉዳይ ካምቢዮ እስከ ማውረድ ሊደርስ ይችላል። የመኪናው ዋጋ ከካምቢዮው ጥገና ዋጋ በማይበልጥበት በአሮጌ መኪና ላይ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

በሁለተኛው ዐምድ ላይ ያለውን «የሞዱሌተር ችግር» ስንመለከት የስም ጉዳይ መነሣቱ አይቀርም። «ሞዱሌተር»ን እንዳለ መተው እንደግፋለን። «ቫኪዩም» ላይ ግን ማሰብ ያስፈልጋል። «ባዶነት» ወይም «ወና» ብለው የሚተረጕሙ አሉ፤ እነዚህ ቃላት በሥነ ተፈጥሮ መጽሐፍ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም «ባዶነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለመካኒክ እንቆቅልሽ ነው። «ስበት» የሚሉም አሉ፤ ይህም ከመሬት ስበት ጋር ይጋጫል። በሞተር ላይ የሚፈለገው ሁኔታው ሳይሆን ድርጊቱ ነው፤ ማኒፎልዱ ይስባል፣ ብዙ ይስባል፣ ጥቂት ይስባል። ስለዚህ ስሙ «ቫኪዩም» ሆኖ ይቅርና ማብራሪያው ሁሉ በ«መሳብ» ግሥ ይሁን። ይህ ግሥ የዲዝል መኪናን ጉዳይም ይፈታል። የመርሴዲስ ደብልዩ 123 ዲዝሎች አውቶማቲክ ካምቢዮም አያያዙን የሚያለዝበው በቫኪዩም ነው፤ ነገር ግን የዲዝሉ ማኒፎልድ እንደ ቤንዚኑ ስለማይስብ ሥራውን ለብቻው የተገጠመ ፓምፕ ይሠራዋል። «የማኒፎልድ ባዶነት» ብሎ የለመደ አንባቢ እዚህ ይጠፋል፤ «የሚስበው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ፓምፑን ያገኘዋል።

«ችግር» የሚለው ቃልም ምንም አይነግርም፤ ሞዱሌተሩ የሚበላሸው በሚታወቅ መንገድ ነውና። ድያፍራሙ ሲቀደድ ሞተሩ በቱቦው በኩል የካምቢዮውን ዘይት መሳብ ይጀምራል። ዘይቱ በሞተሩ ውስጥ ይቃጠላል፤ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይታያል፤ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ሳትታይ ዘይቱ ይጎድላል። መጀመሪያ ላይ ማርሹ ይመታል፤ ዘይቱ እየጎደለ ሲሄድ ደግሞ መንሸራተት ይጀምራል። አንዱ ብልሽት በሠንጠረዡ ላይ በሁለት ተቃራኒ መሥመሮች ይወጣል ማለት ነው። ተርጓሚው ሁለቱን መሥመሮች በአንድ ሞዱሌተር አያይዞ ካላያቸው አንባቢው ሁለት በሽታ ያለበት መኪና የያዘ ይመስለዋል።

የገመዱ ጉዳይ በዚሁ ይነሣል። በተርቦ ሃይድራማቲክ 350 ላይ ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ገመድ አለ፤ ሥራው ነጂው እስከ ወለሉ ሲረግጥ ካምቢዮውን ወደ ታች ማርሽ ማስገደድ ነው። በብዙ የቶዮታ አሮጌ ካምቢዮዎችና ጄኔራል ሞተርስ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሠራው 700 አር 4 ላይም ገመድ አለ፤ ይህኛው ግን የሞዱሌተሩን ሥራ ጭምር ተረክቦ የግፊቱን መጠን ይወስናል። ሲላላ ማርሹ ቶሎና በልስላሴ ይሻገራል፣ ይንሸራተታልም፤ ሲወጠር ይዘገያል፣ ይመታልም። ሁለቱን ገመዶች «ኪክ ዳውን ኬብል» ብለው በአንድ ስም የሚጠሩ ትርጉሞች አሉ። አንባቢው ገመዱ የሚሠራው ለመቅደም ብቻ ነው ብሎ ያምናል፤ ምቱን ለማለስለስ ያላላዋል፤ መኪናውም ለጥቂት ጊዜ እንደ ሐር ይሄዳል፤ ዝርጎቹ ግን ግፊት አጥተው እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። «የግፊት ገመድ» እና «የማስገደጃ ገመድ» ብሎ መለየት እንዲህ ያለውን ጥፋት ያስቀራል። «ማስተካከል» የሚለው የመፍትሔ ቃልም በዚህ ላይ ይፈረድበታል፤ ማጥበቅ ነው ማላላት? ወደ የትኛው ምልክት? «ማስተካከል» ብሎ ማለፍ መፍትሔውን ለአንባቢው ዕድል መተው ነው።

የዐምዱን ርእስ ደግሞ ሳንነካው አናልፍም። እንግሊዝኛው በሁለተኛው ዐምድ ላይ «ሊሆን የሚችል» የሚል ቅጽል አለው፤ አማርኛው ያንን ጥሎ «ምክንያት» ብቻ ይላል። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬው ፍርድ ሆነ። በደንብ በተሠራ ሠንጠረዥ ቅደም ተከተሉም ትርጉም አለው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ ይሄዳል። ዘይት፣ ቱቦ፣ ሞዱሌተር፣ ገመድ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የውስጥ ዝርጎች። ገጹ እንዲያምር ብለው በፊደል ተራ የሚደረድሩትን ተርጓሚዎች ምን እንበላቸው!

እንግዲህ መሥመሩ እንዲህ ቢመለስ እንመርጣለን፦ «ካምቢዮው ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲሻገር ዘግይቶ ይመታል። ሊሆን የሚችለው፦ የሞዱሌተሩ ቱቦ ወልቋል ወይም ተሰንጥቋል፤ የሞዱሌተሩ ድያፍራም ተቀድዷል፤ ሞተሩ ራሱ በደንብ አይስብም። የሚደረገው፦ ሞተሩን አጥፍተው ቱቦውን ከሞዱሌተሩ ላይ ይንቀሉ። በቱቦው ውስጥ ቀይ ዘይት ከተገኘ ሞዱሌተሩን ይቀይሩ፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱንም ልክ ይዩ። ቱቦው ደረቅ ከሆነ ፒ አስገብተው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው ሞተሩን ያስነሡ፤ የቱቦው አፍ ጣት የማይስብ እንደ ሆነ ቱቦውን እስከ ማኒፎልዱ ድረስ ይከተሉ።» ከቀድሞው እንደሚረዝም አናጣውም። ሠንጠረዡ ካልበቃው ሠንጠረዡ ይስፋ።

ሳይወሰን የሚቀር አንድ ቃል አለ። በብዙ አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ውስጥ የሚሽከረከረውን ታምቡር ዙሪያውን ጠምጥሞ፣ ሲጠብቅ የሚያቆም የብረት ጥብጣብ አለ፤ ሲላላ ማርሹ ያመልጣል፤ በአንዳንዶቹ ከውጭ በቡሎን ይጠበቃል። መካኒኮች «ባንድ» ይሉታል። «ቺንጋ» የሚለው ለሞተሩ ቺንጋ ተይዟል፤ «ቀበቶ»ም የመቀመጫ ቀበቶ ሆኗል። ወገብን ዞሮ የሚያጠብቅ ነገር ከተፈለገ «መቀነት» ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል፤ ጋራዥ ውስጥ መጀመሪያ ሲነገር ሳቅ ማስነሣቱ ግን አይቀርም። ከዚህ የተሻለ፣ በመካኒክ አፍ የተሰማ ቃል ያለው አንባቢ ቃሉን፣ የሰማበትን ከተማና ቃሉ የተነገረለትን የካምቢዮ ዓይነት ጽፎ ቢልክልን በሚቀጥለው ዝርዝር ላይ እናወጣዋለን።